የኋላ እግር ድሪፍት፦ ጋዝ ስነካው መኪናው ባለበት ይዞራል

ጥያቄ (ጀማሪ 10)
ሰላም ቤተሰብ። ኤምኤስቲ አርኤምኤክስ 2.0 ኪት (እያንሸራተቱ የሚነዱት፣ በኋላ እግሩ የሚገፋ የሪሞት መኪና) ገጣጥሜ ጨርሻለሁ፤ 1/10 መጠን፣ 13.5 ተርን (የሽቦ ጥምጥም ብዛት) ሞተር፣ ጋይሮ (መኪናው ሲዞር ተሰምቶት መሪውን ራሱ የሚመልስ) ያለው። ግን ጋዝ ገና ስነካው ቂጡ ቀድሞ ዞሮ ይቆማል። ሞተሩ ደካማ ሆኖ ነው? ወደ 8.5 ልቀይረው? ያለኝ ቦታ የሳሎን ሴራሚክና የግቢ ሊሾ ነው። የአክስቴ ልጅም ከዱባይ ሊመጣ ነው፤ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ በአውሮፕላን ይዞ መግባት ይችላል?

መልስ (ፍሬቻ)
ሞተሩን እንዳትነካ። ተርኑ ባነሰ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፣ መኪናውም ይብስበታል። ያልከው ምልክት ጋይሮው ተገልብጦ ሲሠራ የሚታይ ነው።

እንዲህ ፈትሽ። መኪናውን መሬት ላይ አድርገህ ባትሪውን አብራና ጥቂት ሰከንድ አትንካው፤ ጋይሮው ዜሮውን የሚይዘው ያኔ ነው። እየተንቀሳቀሰ ከበራ መሪው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። ከዚያ አንሳውና አፍንጫውን በፍጥነት ወደ ቀኝ አዙረው። የፊት እግሮቹ ወደ ግራ መዞር አለባቸው። ወደ ቀኝ ከዞሩ ጋይሮው ማዞሩን እያገዘ ነው፤ ጋይሮው ላይ ያለውን ሪቨርስ ቀይር። ሪሞቱ ላይ ያለውን የመሪ ሪቨርስ አይደለም! እሱ የሚቀይረው የጣትህን አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው።

መልስ (ሊሾ ላይ)
ፍሬቻ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ጎማ ልጨምር። የድሪፍት ጎማ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ የጎማ ጎማ ከገጠምክ ይይዛል እንጂ አይንሸራተትም። አራቱም እግር አንድ ዓይነት ይሁን። ፊቱ ከኋላው የበለጠ ካንሸራተተ መሪ ብትሰጥም አይሰማህም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሴራሚኩን ለጊዜው ተወው፣ በጣም ያንሸራትታል፤ መጋጠሚያው ላይም ይዘላል። ሊሾው ይሻላል፤ ግን ሁሌ ጠርገህ ጀምር፣ አቧራ ባለበትና በሌለበት መኪናው ሌላ ነው። አስፋልት ላይ ደግሞ ፕላስቲኩ ቶሎ ያልቃል፣ መጀመሪያ የኋላው።

ልምምዱ፦ ውሃ የሞላ አንድ ሃይላንድ አቁምና በአንድ አቅጣጫ ብቻ ዙረው። ጋዙን ለቀቅ ጫን ሳይሆን ትንሽ ሰጥተህ እዚያው ያዘው። ሲገባህ በሌላው አቅጣጫ፣ ከዚያ ሁለት ሃይላንድ አድርገህ 8 ቁጥር።

መልስ (ዴይራ)
ባትሪውን በተመለከተ፦ ትርፍ ሊፖ የሚያዘው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ በሚጫነው ሻንጣ ክልክል ነው። ገደቡ 100 ዋት ሰዓት ነው፤ 2ኤስ (ሁለት ሴል፣ 7.4 ቮልት) 4000 ሚሊአምፕ ሰዓት ባትሪ 29.6 ነው (7.4 ሲባዛ በ4)። ጫፎቹን በፕላስተር ይሸፍን፣ መለያ ጽሑፉ እንዳይላጥ። ባላንስ የሚያደርግ (የሴሎቹን ቮልት እኩል የሚያደርግ) ቻርጀርም አብሮ ያምጣልህ። ይህን 4000 ባትሪ በ4 አምፕ ቻርጅ አድርግ፣ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ነው። ስትነዳ ከ6.4 በታች አታውርደው፣ ካበጠ አበቃለት። ለሳምንታት የማትነዳ ከሆነ 7.6 ላይ አስቀምጠው። ቻርጅ ላይ አድርገህ ደግሞ ከቤት እንዳትወጣ።

ጀማሪ 10
ፍሬቻ፣ እጅህን ይባርከው! ተገልብጦ ነበር። አሁን ይንሸራተታል፤ ግን ቀጥ ብሎ ሲሄድ የፊት እግሮቹ ግራ ቀኝ ይንቀጠቀጣሉ።

ፍሬቻ
ጌኑ (ጋይሮው መሪውን የሚመልስበት ኃይል) በዝቶ ነው። እስኪቆም ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ቀንሰው፣ ከዚያ ተወው። ካልቆመ የሰርቮውን (መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር) ክንድና የመሪ ዘንጎቹን በእጅህ ነቅንቅ፤ ልቅ ካለ ጋይሮው እሱን ያሳድዳል። ሰርቮህ አናሎግ ከሆነ ጋይሮውንም አናሎግ ላይ አድርገው፤ ዲጂታል ላይ ከተውከው ሰርቮው ግሎ ይቃጠላል። ካምበር (የእግሩ አናት ወደ ውስጥ ማዘንበል) ፊት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ፣ ኋላ 2 ገደማ አድርገህ ንዳው።