ፔዳሌ በአምፕ ያምራል፤ ስቀዳው ግን ዝንብ ይሆናል

የገርጂው ተከራይ፦
ሰላም ጊታሪስቶች። ተናድጄ ነው የመጣሁት።

ያገለገለ ቦስ ጂቲ-1 የጊታር ኢፌክት ፔዳል አለኝ። እሁድ ቸርች ላይ በጄሲ-120 አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) ስጫወትበት በጣም ያምራል። ማታ ቤት ገብቼ በዩኤስቢ ከላፕቶፔ ጋር ሳገናኘው ግን ዲስቶርሽኑ (ሻካራው ድምፅ) ጣሳ ውስጥ የገባች ዝንብ ነው የሚመስለው። ክሊኑም (ያልሻከረው) ጆሮ ይወጋል። ይሄ አንድ። ሁለተኛ፣ ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመውን) አጥፍቼም ቢሆን አንድ ክር ስመታ ሁለት ጊዜ እሰማለሁ። ሦስተኛ፣ ከጀርባ እዝዝዝ የሚል ነገር አለ። ክሩን በእጄ ስይዘው ይቀንሳል።

አምፑን በማይክ ቅዳ እንዳትሉኝ። ከአከራዬ መኝታ ቤት የሚለየኝ አንድ ግድግዳ ነው። ባለፈው ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ባቲ ስሞካክር ግድግዳውን ደበደቡት። በማግስቱ ቡና ጠርተውኝ ስለ ጊታሩ አንዲት ቃል አልተናገሩም። እሱ ይብሳል።

የምቀዳው ሪፐር በሚባል የመቅጃ ሶፍትዌር ላይ ነው። ትዝታ ነው የያዝኩት፤ መሣሪያ ብቻ።

ቆራጡ፦
ፔዳሉን ሽጥና ኢንተርፌስ (ጊታርን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ የመቅጃ ዕቃ) ግዛ። ፔዳል የመድረክ ዕቃ ነው።

ጋሽ ስድስት ክር፦
ልጄ፣ ምንም አትሽጥ። የያዝከው ፔዳል ራሱ ኢንተርፌስ ነው። በ24 ቢት፣ በ44.1 ኪሎ ኸርዝ ይቀዳል። ለትዝታ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?

ዝንቧን እኔ አውቃታለሁ። ሜኑ ውስጥ ገብተህ «አውትፑት ሴሌክት» የሚለውን ፈልግ። ቸርች ስትጫወት ጄሲ-120 ላይ አድርገኸው፣ ቤት ስትገባ ረስተኸዋል። የጊታር አምፕ ስፒከር ከ5 ሺህ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ አብዛኛውን ይውጠዋል። ፔዳሉ አምፕ ላይ የተሰካ ሲመስለው ያንን ሥራ ለስፒከሩ ይተውለታል። ላፕቶፕ ደግሞ እንዲህ ያለ የጊታር ስፒከር የለውም፣ ሁሉንም እንዳለ ይቀበላል። ስለዚህ «ላይን/ፎንስ» የሚለው ላይ አድርገው። ያኔ ፔዳሉ ራሱ ስፒከሩን ያስመስላል።

እኔ ይህን ሳላውቅ ለአንድ ወዳጄ ሠርግ አራት ዘፈን ቀድቼ ጨርሼ ነበር። አራቱንም እንደገና ተጫወትኩ። ጣቴ ተላጠ።

ሁለት ጊዜ የምትሰማው፣ አንዱ በቀጥታ ከፔዳሉ፣ ሌላው ላፕቶፑን ዞሮ ሲመጣ ነው። ሪፐር ላይ ትራኩ አጠገብ ያለችውን የስፒከር ምልክት አጥፋትና ሄድፎንህን ፔዳሉ ላይ ሰካ። በቃ። ላፕቶፑ ቢዘገይም አንተ አትሰማውም። የግድ በላፕቶፑ ልስማ ካልክ ግን የቦስን ድራይቨር ጫን፣ ሪፐር ላይ አዚዮን (ድምፅን በፍጥነት የሚያሳልፈውን የድራይቨር ዓይነት) ምረጥ፣ በፈሩን (ላፕቶፑ በአንዴ የሚያጠራቅመውን የድምፅ ናሙና ብዛት) 256 ላይ አድርገው። የበፈሩ መዘግየት ብቻ ወደ 6 ሚሊ ሰከንድ ይመጣል። 1024 ከሆነ 23 ነው። ትዝታ ላይ ልታልፈው ትችላለህ፤ ጭክጭካ ላይ ግን ያጋልጥሃል።

እዝዝታው ከኤሌክትሪኩ ነው። የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀለው። ፔዳሉንም ከአዳፕተሩ ነቅለህ በ4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ አስነሳው። ከጠፋ የኧርዝ (የመሬት ሽቦ) ችግር ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሳትጠይቀኝ። ሪቨርቡን (የአዳራሽ ማስተጋባቱን) አጥፍተህ ቅዳ። ጊታሪስት ሁሉ ሪቨርብ ይወዳል፣ እኔንም ጨምሮ። አንዴ ከተቀዳ ግን አይወጣም። በኋላ ሪፐር ላይ የልብህን ያህል ጨምርበት። ዲስቶርሽኑንም ከመድረኩ በግማሽ ቀንሰው። ድምፁ ደግሞ ከፍ ሲል -12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን፤ ቀይ አታስነካው።

የገርጂው ተከራይ፦
ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እውነትም ጄሲ-120 ላይ ነበር! ስቀይረው አፌን ይዤ ቀረሁ። ሁለት ወር ሙሉ ኢኪው (የድምፁን ቀጭንና ወፍራም ማስተካከያ) ሳሽከረክር ነበር እኮ።

እዝዝታውም ቻርጀሩን ስነቅል ጠፋ። ችግሩ የላፕቶፔ ባትሪ 40 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ትናንት መብራት ሄዶ በጨለማ ስቀዳ እስከ ዛሬ ካለኝ ሁሉ ንጹህ ድምፅ አገኘሁ። መብራት ሄደ ብዬ ስደሰት የመጀመሪያዬ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ጭክጭካ ላይ ዲሌይ ሳስገባ ይረበሻል። ለምን?

ጋሽ ስድስት ክር፦
ምቱን ለሁለትና ለአራት የሚከፍል ዲሌይ ስለምታስገባ ነው። ጭክጭካ 6/8 ነው፣ እያንዳንዱ ትልቅ ምት ለሦስት ይከፈላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ትልቁ ምት በደቂቃ 120 ከሆነ 60,000 ለ120 ሲካፈል 500 ሚሊ ሰከንድ። ለሦስት ስትከፍለው 167 ይሆናል። እሱን አስገባ። ሰፋ ያለ ከፈለግህ 333። 250 ያስገባህ እንደሆነ ከከበሮው ጋር ትጣላለህ።

ቆራጡ፦
እሺ፣ ሽጠው ያልኩትን መልሻለሁ። የኔም ጄሲ-120 ላይ ነው፣ አሁን አየሁት።

የገርጂው ተከራይ፦
167 ሠራ። ጋሼ ይኑሩልኝ።

ትዝታውን ዛሬ ጨረስኩ። ለአከራዬ ሄድፎኑን ሰጥቼ አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙና «ደህና ነው፤ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አሉኝ።