የወተት ፍሳሻችንን ወደ ቦዩ እንዳንለቅ ተከለከልን፤ የት እናድርገው?

ጠያቂ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ቀሃ አካባቢ አነስተኛ የወተት ማቀነባበሪያ አለን፤ ለሆቴሎች አይብ እናቀርባለን። አጓቱም የዕቃ እጣቢውም በአንድ ቱቦ መንገድ ዳር ካለው ቦይ ይገባል። ጎረቤት በሽታው ከሰሰን፤ ተቆጣጣሪዎች መጥተው «ሳታጣሩ እንዳትለቁ» የሚል ደብዳቤ ሰጡን። ሴፕቲክ ታንክ አስቆፍረን ሁሉንም ብናስገባበት ይበቃል? ትልቅ ማጣሪያ የመግዛት አቅም የለንም።

ቧንቧው፦ እህቴ፣ ቦዩ የዝናብ ነው፤ መጨረሻው ላይ ማጣሪያ ጣቢያ የለም። የገባበት ሁሉ ቀሃ፣ ከዚያ መገጭ፣ ከዚያ ጣና ነው። ሴፕቲኩም ቢሆን አጓት ከገባበት ይኮመጥጣል፤ ስቡ ማስረጊያውን ይደፍነዋል። ፍሳሽ መጣጭ መኪና ስትጠሪ ልትኖሪ ነው።

ዘመኑ፦ ማታ ማታ ልቀቁት፣ ማን ያያል?

ላብራቶር፦ ሽታው ይናገራላ! ይልቅ ዋናው ነገር አጓቱን መለየት ነው። ከ10 ሊትር ወተት 8 ወይም 9 ሊትሩ አጓት ሆኖ ይቀራል። አንድ ሊትር አጓት ወንዝ ገብቶ ሲበሰብስ ከውሃው 30 ግራምና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይበላል፤ የቤት ፍሳሽ ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በንጹሕ በርሜል ያዙና በዕለቱ ለከብት አደላቢ ስጡ። ከብቱ ቀስ በቀስ ይልመድ፣ አለዚያ ያስቀምጠዋል። ጨው የገባበትን አትስጡ።

ዕቃውን መጀመሪያ በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፤ ሙቅ ከቀደመ ወተቱ ይጋገርበታል። ያንን የመጀመሪያ እጣቢም ወደ አጓቱ በርሜል ጨምሩት። የዕቃ ማጠቢያው ኮስቲክ ሶዳ ወይም አሲድ የነካው እጣቢ ግን ለከብት አይሆንም። እሱ በስብ መያዣ ጉድጓድ አልፎ ማጠራቀሚያ ገንዳ ይግባ። የኮስቲኩና የአሲዱ እጣቢ እዚያ ሲገናኝ አንዱ የሌላውን ኃይል ይሰብራል፤ ፒኤቹ (የአሲድነቱ ልክ) ከ6 እስከ 9 መሆኑን በወረቀት ለኩ። ያልተበረዘ አሲድና ኮስቲክ ግን በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ፈልቶ ይረጫል።

ጠያቂ፦ አደላቢ ሰፈራችን አለ፣ ተመስገን። ደብዳቤውንስ ምን እንበለው?

ሕግ አዋቂ፦ ዝም አትበሉ። በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ተቆጣጣሪ ሳያስታውቅ መግባት ይችላል። የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ ቁጥር 159/2001 ደግሞ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን እየለኩ መዝገብ እንዲይዙ ያዛል፤ እናንተ ትንሽ ብትሆኑም ያዙ። የሥራውን ንድፍና የጊዜ ሰሌዳ በጽሑፍ አስገቡ፤ ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ይኑራችሁ። ከገንዳው የሚወጣው ውሃ የት እንደሚለቀቅም በዚያው ደብዳቤ ጠይቁ፤ የቃል ፈቃድ አትቀበሉ።