ክርክር፦ የዜኖማይ ከርነል ተዘጋጅቶ ይሰጥ ወይስ ሁሉም በእጁ ይሥራው?

ቶርኖ ቤት፦ ወገን፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሊኑክስ ላይ ዜኖማይን (ትእዛዝ በትክክለኛው ቅጽበት እንዲደርስ የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ለመጫን መጀመሪያ የከርነሉን፣ ማለትም የሲስተሙን እምብርት፣ ምንጭ ኮድ ማውረድ አለብን። ቀጥሎ የስሪት ቁጥሩ ከሱ ጋር የሚገጥም ፓች (ኮዱ ላይ የሚጨመር ማሻሻያ) ፍለጋ ነው። ተዋህዶ ሲያልቅ ሜኑ ከፍተን እንመርጣለን፣ ኮምፓይል እናደርጋለን (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ እንቀይራለን)፣ ላይብረሪዎቹን ደግሞ እንደገና ለብቻ። እኔ የፈለግኩት ስቴፐር ሞተር (በምት በምት የሚዞር ሞተር) ማዞር ነው! በአንድ ትእዛዝ የሚጫን ፓኬጅ ለምን አናዘጋጅም? ሊኑክስሲኤንሲ የተባለው የማሽን መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በኡቡንቱ 10.04 ዘመን የአርታይን (የዜኖማይ ዓይነት ሌላ ሶፍትዌር) ከርነል ከነዲስኩ አዘጋጅቶ ይሰጥ አልነበር?

ብሎን ፍቺ፦ እደግፋለሁ። ባለፈው ከርነሉን አድሼ ላይብረሪውን የድሮውን ተውኩት። ማሽኑ በሰላም ተነሳ፤ ፕሮግራሙን ሳስነሳ ግን ኤቢአይ (ከርነሉና ላይብረሪው የሚግባቡበት ደንብ) አይገጥምም ብሎ ዘጋኝ። ሁለት ቀን ኮዴን ስበረብር ከረምኩ፣ ኮዴ ምንም አልነበረበትም። ከርነሉና ላይብረሪው አንድ ላይ ቢታሰሩ ይሄ አይደርስብኝም ነበር።

ጋሽ ኬብል፦ ልጆች፣ እኔን የሚያስፈራኝ ያው አንድ ትእዛዝ ነው። ኢንቴል ቦርድ ላይ ኤስኤምአይ የሚባል ነገር አለ፤ ባዮሱ (የቦርዱ የራሱ ሶፍትዌር) ፕሮሰሰሩን ነጥቆ የራሱን ጉዳይ ይጨርሳል፣ ከርነሉ ምንም አያውቅም። የላተንሲ (የመዘግየት) ፈተናውን ስታስኬዱ 6፣ 7 ማይክሮ ሰከንድ ሲል ይቆይና ድንገት 300 ይላል። ዜኖማይ ይህን ማጥፊያ አማራጭ አለው። ግን አንዳንዱ ቦርድ ፕሮሰሰሩ እንዳይግል የሚጠብቀው በዚሁ በኤስኤምአይ ነው። ፓኬጁ ካላጠፋው ሞተራችሁ ምት ይዘላል፤ ካጠፋው ፕሮሰሰሩ ሊቃጠል ይችላል። ማሽኑን ሳታዩት የቱን ትመርጡለታላችሁ?

ብሎን ፍቺ፦ ጋሼ፣ ይህ እውነት ነው፤ ግን በእጁ የሚሠራውም እኮ ከሆነ ቦታ የገለበጠውን ትእዛዝ ነው የሚለጥፈው። 3 ሰዓት ኮምፓይል መጠበቅ ስለ ኤስኤምአይ ምን ያስተምራል?

አርቲ ይበቃል፦ ለመሆኑ ስለ ዜኖማይ ለምን እንጨቃጨቃለን? ፕሪኤምፕት አርቲ (ሊኑክስን ራሱን ለሰዓት ጥብቅ ሥራ የሚያበቃው) 20 ዓመት ያህል በፓችነት ሲንከራተት ቆይቶ በስሪት 6.12 ዋናው ሊኑክስ ውስጥ ገባ፤ ኅዳር 2017 በኛ አቆጣጠር። ከሜኑው መምረጥ ነው። ዴቢያን ላይማ ዝግጁው አለ፣ በፓኬጅ መጫኛው በአፕት ይጫናል።

ቶርኖ ቤት፦ ሞክሬዋለሁ። የኔ አሮጌ ኮምፒውተር ምቱን በፓራለል ፖርት (በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ) ነው የሚልከው፣ ስለዚህ ትንሿ መዘግየት ሞተሩ ላይ ትሰማለች፤ ያጉረመርማል። ምቱን ራሱ የሚያመነጭ ካርድ ላለው አርቲ ይበቃዋል። ካርዱ ግን በዶላር ነው የሚመጣው።

ጀነሬተር የሌለው፦ በእጅ የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኮምፓይል እያደረጋችሁ መብራት ከሄደ፣ ሲመለስ ሜክ (ኮምፓይሉን የሚመራው ፕሮግራም) ካቆመበት ይቀጥላል ብላችሁ አትመኑት። በዚያች ቅጽበት ይጻፉ የነበሩ የኦ (.o) ፋይሎች፣ ማለትም ኮምፓይል የተደረጉት ቁርጥራጮች፣ ባዶ ሆነው ይቀራሉ፤ ሜክ ግን ቀናቸውን አይቶ አልቀዋል ብሎ ያልፋቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ቁርጥራጮቹን የሚያገናኘው ሊንከር ይጮኻል። መጠናቸው 0 የሆኑትን ፈልጋችሁ አጥፉ። ደግሞ ሎካልሞድኮንፊግ ተጠቀሙ፤ ማሽናችሁ አሁን የጫናቸውን ሞጁሎች (የከርነል ተጨማሪ ክፍሎች) ብቻ ስለሚያስቀር ሥራው በእጅጉ ያጥራል። የማትጠቀሙበትን ሁሉ የዋይፋይ ድራይቨር ለምን ትጋግራላችሁ?

ጋሽ ኬብል፦ እሱስ ይሻላል። ግን የዩኤስቢ ዕቃዎቻችሁን ሰክታችሁ ነው የምታስኬዱት። ያልተሰካ ዕቃ ሞጁሉ ይቀራል፣ ኋላ ኪቦርድ አልሠራ አለ እንዳትሉኝ።

ቶርኖ ቤት፦ እንግዲህ ስክሪፕቱን ቅዳሜ እጀምረዋለሁ። ከርነልና ላይብረሪ አብረው ይወርዳሉ፣ ቁጥራቸው ካልገጠመ ሥራው ሳይጀመር ይቆማል። ኤስኤምአይን አይነካም፤ ላተንሲውን 1 ሰዓት ፈትሾ ከዘለለ ለባለቤቱ ይናገራል። ጋሼ፣ በዚህ እንስማማለን?

ጋሽ ኬብል፦ 1 ሰዓት አይበቃም። ዲስክና ኔትወርኩን አጨናንቀህ ሌሊቱን ሙሉ ተወው፣ ጠዋት ትልቋን ቁጥር ላክልኝ።