እብዱ ንጉሥ ስድስት ዓመት ቀድሞ ቢሞት ኖሮ?

የከዚራው፦
ትናንት ከዚራ፣ ዛፉ ጥላ ስር የጀመርነው ክርክር የመግሪብ አዛን ሲል ተቋረጠ። እዚህ እንቀጥል። ላልነበራችሁ በአጭሩ፦ ጉዳያችን ከጆርጅ ማርቲን መጻሕፍት የተሠራው ተከታታይ ፊልም፣ የጌም ኦፍ ትሮንሱ እብዱ ንጉሥ፣ ኤሪስ ነው። ፊልሙ ሲጀምር ሞቷል። መከራው ሁሉ ግን የሚመዘዘው ከሱ ነው።

በነሱ አቆጣጠር በ277 የዳስከንዴል ከተማ ጌታ ግብር አልከፍልም አለ። ኤሪስ ራሱ ልቅጣው ብሎ ሄደ፣ ተያዘም። ግማሽ ዓመት ያህል ታሰረ። ዋና ሹሙ ታይዊን ላኒስተር ከተማዋን በጦር ከቧል። ‹‹ከገባህ ንጉሡ ይገደላል›› ሲባል አጠገቡ የቆመውን የኤሪስን ልጅ፣ አልጋ ወራሹን ሬጋርን አሳየና የተሻለ ንጉሥ እዚህ አለን አለ። የንጉሡ ዘበኛ ሰር ባሪስታን አንድ ቀን ስጡኝ ብሎ ለመነ። በሌሊት የከተማዋን ግንብ ወጥቶ ንጉሡን አወጣው።

ከዚያ በኋላ የተመለሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ስለት ወደ ሰውነቱ አያስጠጋም። ጸጉሩ ተንጨባረረ፣ ጥፍሩ አድጎ የአውሬ ጥፍር መሰለ። ሰው በእሳት ማቃጠል ጀመረ። በአመፁ ጦርነት መጨረሻ፣ በ283 እስኪገደል ስንቱ አለቀ!

የኔ አቋም፦ ባሪስታን ያቺን ቀን ባይለምን ኖሮ ሬጋር በ18 ዓመቱ ይነግሥ ነበር። ጦርነትም አይኖርም።

የሳቢያኗ፦
አቦ፣ አንድ ነገር ረሳህ። የዘንዶዎቹ እናት ዴኔሪስ፣ የኤሪስ ልጅ፣ የተወለደችው አባቷ ከሞተ በኋላ ነው፣ በ284። ኤሪስ በ277 ከሞተ ዴኔሪስ የለችም። ዴኔሪስ ከሌለች ዘንዶ የለም። ከሰሜን የሙታኑ ጦር ሲመጣ ማን ሊያቃጥላቸው ነው? የአንድ ዘመን ሰላም ገዝተህ ዓለሙን ሁሉ ሸጥክ።

ገንደ ቆሬ፦
እህቴ፣ ሙታኑ የሰሜኑን ድንበር የሚጠብቀውን ትልቁን ግንብ በምን አለፉ? 7ኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ በሞተ ዘንዶ እሳት አፍርሰው እኮ ነው። ያንን ዘንዶ ወደ ሰሜን ማን ወሰደው? ዴኔሪስ ራሷ። ዘንዶ ከሌለ ግንቡም አይፈርስም። እኔ ይሄን ክፍል መብራት ጠፍቶ፣ በወንድሜ ላፕቶፕ፣ ባትሪው 9 ፐርሰንት ላይ ሆኖ ነው ያየሁት። ያኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

የሳቢያኗ፦
እሱ የፊልሙ ነው። መጽሐፉ እዚያ አልደረሰም፤ የመጨረሻው፣ አምስተኛው፣ የወጣው በፈረንጆች 2011 ነው። ደግሞ ግንብ ብቻውን ምን ያደርጋል? ግንቡ ላይ 19 ምሽግ አለ። ሰው ያለበት 3 ብቻ ነው። ጠባቂ የሌለው ግንብ ቢቆምስ?

የጁገሉ መምህር፦
ልጆች፣ እኔም ልግባ። ጁገል ውስጥ ነው ያደግኩት፣ ስለ ግንብ ሲወራ ዝም ማለት አልችልም። የሐረር በሮች ድሮ ማታ ማታ ይዘጉ ነበር፣ ቁልፉም አሚሩ ዘንድ ያድር ነበር። ግንብን ግንብ የሚያደርገው ቁልፉን የያዘው ሰው ነው። በመጽሐፉ ሬጋር በሰሜኑ ግንብ ላይ ካሉት ሽማግሌ ዘመዱ ከኤሞን ጋር ይጻጻፍ ነበር። ዓለምን ከጨለማ የሚያድን ልዑል ይመጣል የሚለውን ትንቢትም ያምን ነበር። ስለ ሰሜኑ ግድ የሚለው ንጉሥ ሃያ ዓመት ቢገዛ እነዚያ 16 ባዶ ምሽጎች ባዶ አይቀሩም ባይ ነኝ።

ነገር ግን የከዚራው፣ ‹‹ጦርነት አይኖርም›› ያልከውን አልቀበልም። ልጅ ኢያሱ የተሻሩት እዚሁ እኛ ጋ፣ ሐረር እያሉ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ መከሩ፣ ሻሩ፣ አለቀ ተባለ። በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ገጠሙ። ስንት ሺህ ሰው አለቀ፣ እሳቸውም ተማረኩ። ንጉሥ ወረደ ማለት ደም ቀረ ማለት አይደለም።

የከዚራው፦
ጋሼ፣ አክብሬ ልቃወም። ኢያሱ ጦር ያለው አባት ነበራቸው። ኤሪስ ማን አለው? የሚበቀልለት ልጁ ነው። ልጁ ደግሞ ወራሹ ነው። ሁለተኛው ልጁ ቪሴሪስ ያኔ ገና ሕፃን ነው።

የጁገሉ መምህር፦
እዚህ ላይ እውነት አለህ፣ ልጄ። እንዲያውም ይሄ የ277ን እና የ281ን ልዩነት ያሳየኛል። በ281 ሃረንሃል በተደረገው የፈረሰኞች ውድድር ላይ ሬጋር ጌቶቹን ሰብስቦ አባቱን ሊያወርድ አስቧል ተብሎ ይጠረጠራል። ያ ቢሆን ቤተ መንግሥቱ ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ሰገሌ እዚያ ይመጣ ነበር። በ277 ግን ገዳዩ የጋራ ጠላት ነው። ንጉሥን ጠላት ሲገድለው አገር አንድ ላይ ይቆማል። ልጁ ሲያወርደው ግን አገር ይቆራረጣል።

የሳቢያኗ፦
ጋሼ፣ ታይዊንንስ ምን እናድርገው? ከዳስከንዴል አንድ ዓመት በፊት ልጁን ሰርሲን ለሬጋር ልዳር ብሎ ኤሪስ አዋርዶ መልሶታል። ንጉሡ ሲሞት ጦሩ በእጁ፣ ወጣቱ ንጉሥ አጠገቡ። ሰርሲ ያኔ 11 ዓመቷ ነው፤ ያጫትና ይጠብቃል። ዙፋኑ ላይ የሚቀመጠው ሬጋር፣ የሚገዛው ታይዊን!

ገንደ ቆሬ፦
ይግዛ! ሃያ ዓመት ገደማ ዋና ሹም ሆኖ አገሩን ያቆመው እሱ አይደል? ደግሞ ሰርሲ ሬጋርን ካገባች፣ በኋላ ያገባት ኤሊያ አገሯ ዶርን ትቀራለች። የታይዊንን ልጅ ጄይሚንም ኤሪስ አባቱን ለማናደድ ብሎ ዘበኛ አያደርገውም።

የሳቢያኗ፦
ኤሊያ ላይ ዝም አሰኘኸኝ። እሷና ሁለቱ ልጆቿ በታይዊን ሰዎች የተገደሉበት ነገር እስከ ዛሬ ያመኛል። ግን ልጆቹ አይወለዱማ። ያልተወለደ ልጅ ተረፈ ይባላል?

የከዚራው፦
አይባልም። ኤሊያ ግን ትተርፋለች። ሬጋር ይዟት የሄደው የሊያና ስታርክ አባት ጥሩሩን እንደለበሰ በእሳት አይጠበስም። ወንድሟ ብራንደንም እሱን አድናለሁ ሲል ታንቆ አይሞትም። እኔ እነዚህን ነው የምቆጥረው።

የሳቢያኗ፦
እሺ፣ ግማሹን ሰጠሁህ። የሬጋርና የሊያናን ልጅ ጆን ስኖውን ግን ለማንም አልሰጥም። ሬጋር ቀድሞ ከነገሠና ያ የሃረንሃል ውድድር ከቀረ ሊያና ሬጋር አሸንፎ የሰጣትን ያንን ሰማያዊ አበባ ከማን ትቀበላለች? ጋሼ፣ ነገ ከሐረር ሲወርዱ ይሄን ይመልሱልኝ።