ኡቡንቱ 22.04 ላይ «ሊብኤስኤስኤል 1.1 የለም» እያለ ፕሮግራሜ አልከፍት አለኝ

ባለሱቋ፦
ሰላም ወገኖች። የሱቄን ዕቃ የምመዘግብበት ፕሮግራም አለኝ። የሰራልኝ ልጅ በደብ ፋይል (የኡቡንቱ መጫኛ ፋይል) ነው የሰጠኝ። ኡቡንቱ (የሊኑክስ ሲስተም) 20.04 ላይ ምንም አይል ነበር። ባለፈው ሳምንት 22.04ን እንደ አዲስ ጫንኩ። ፕሮግራሙም ያለ ምንም ስህተት ተጫነ። ስከፍተው ግን ጭጭ። በተርሚናል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) ስሞክር «ሊብኤስኤስኤል 1.1ን መክፈት አልተቻለም፤ እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይለኛል። ልጁ ስልክ አያነሳም። ወደ 20.04 ልመለስ እንዴ? ከ2 ጊጋባይት በላይ በሞባይል ዳታ ማውረድ ደግሞ ከባድ ነው።

ቶሎቶሎ፦
ሊብኤስኤስኤል 3 አለሽ አይደል? በ1.1 ስም ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ሥሪለት። ያልቃል።

ባለሱቋ፦
ሠራሁለት። አሁን ደግሞ «ሊብክሪፕቶ 1.1ን መክፈት አልተቻለም» አለኝ።

ሌሊት ወፍ፦
ማለቱ አይቀርም። ስም በመቀየር ላይብረሪው (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ፋይል) አይቀየርም። ሊብክሪፕቶንም እንዲሁ ብታደርጊው፣ ሲስተሙ ፋይሉን ከፍቶ ውስጡ ያለውን የቨርዥን ምልክት ስለሚያይ አይቀበለውም። እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሊንክ አጥፊው። ሊንኩን ብቻ! ሊብኤስኤስኤል 3ን እንዳትነኪ፤ ሌላ ስንት ፕሮግራም በሱ ነው የሚሠራው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 20.04 ኦፕንኤስኤስኤል (ሊብኤስኤስኤል የሚገኝበት የምስጠራ ሶፍትዌር) 1.1.1ን ይዞ ነበር የመጣው፣ 22.04 ደግሞ 3.0ን። አፕት (የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኚ) የሚጎድለውን የሚያውቀው ፓኬጁ (ደብ ፋይሉ) ላይ ከተጻፈለት ነው። ልጁ ሳይጽፈው የቀረ ይመስለኛል፤ ለዚህ ነው ጭነቱ ዝም ብሎ ያለፈው።

አሁን ኤልዲዲ የሚለውን ትዕዛዝ ከፕሮግራሙ ፋይል ሙሉ አድራሻ ጋር ጻፊ። የሚፈልጋቸውን ላይብረሪዎች በሙሉ ይዘረዝርልሻል። «አልተገኘም» የሚሉትን መስመሮች እዚህ ገልብጪልን። (የማታምኑት ፋይል ላይ ኤልዲዲን አትሞክሩ፤ ፋይሉን ሊያስነሳው ይችላል።)

ባለሱቋ፦
ሦስት ናቸው። ሊብኤስኤስኤል 1.1፣ ሊብክሪፕቶ 1.1፣ እና የፕሮግራሙ የራሱ የሆነ አንድ። የመጨረሻው ግን ኦፕት ፎልደር ውስጥ በዓይኔ እያየሁት ነው!

ሌሊት ወፍ፦
ሁለቱ የአንድ ፓኬጅ ልጆች ናቸው። ከኡቡንቱ የራሱ ማኅደር፣ ከ20.04 ክፍል፣ የሊብኤስኤስኤል 1.1ን ደብ አውርጂ። ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም። በአፕት ጫኚው፤ ከ3 ጋር ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ አይጣሉም። ከማይታወቅ ድረ ገጽ ግን እንዳታወርጂ።

ሦስተኛው አለ፣ ሲስተሙ ግን የት እንዳለ አያውቅም። ኢቲሲ ውስጥ «ኤልዲ ነጥብ ኤስኦ ነጥብ ኮንፍ ነጥብ ዲ» የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ መጨረሻው «ነጥብ ኮንፍ» የሆነ አዲስ ፋይል ክፈቺና የኦፕቱን ፎልደር አድራሻ በአንድ መስመር ጻፊበት። ከዚያ ተርሚናል ላይ «ሱዶ ኤልዲኮንፊግ» በይ፤ ሲስተሙ የላይብረሪ ዝርዝሩን ያድሳል። ብዙ ሰው ይቺን የመጨረሻዋን ይረሳና «ጻፍኩ፣ አልሠራም» ይላል።

አራት ኪሎ፦
አንድ ነገር ልጨምር። የኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ጥገናው) እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2023 አብቅቷል። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት የሚጠቀም ከሆነ ይሄ ማስታገሻ ነው። ልጁ ሲገኝ በ3 እንደገና ይሥራልሽ፤ ፓኬጁም ላይ የሚፈልገውን ይጻፍ።

ባለሱቋ፦
ተከፈተ! ኢንተርኔት አይነካም፣ የሱቅ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ኤልዲኮንፊግን እኔም ረስቼው ነበር፤ ተመልሼ ሳነበው ነው የገባኝ። ሌሊት ወፍ፣ ተባረክ።

ቶሎቶሎ፦
ሲምሊንኩን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። እኔ ጋ አንዴ ሠርቶ ነበር እኮ።

ሌሊት ወፍ፦
የሠራልህ ሌላ ላይብረሪ ይሆናላ።