ፈጣን ምላሽ ቡድን አለን፣ ነርሶቹ ግን አይጠሩትም። ምን ይሻላል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። የውስጥ ደዌ ዋርድ ኃላፊ ነርስ ነኝ። ሆስፒታላችን የታካሚ ሁኔታ ሲከፋ ቶሎ የሚደርስ የአይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሐኪምና ነርስ ያለበት ቡድን አቋቁሟል። የሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ ልብ ከቆመ በኋላ ነው። ቻርቱን መለስ ብለን ስናይ ምልክቱ ከሰዓታት በፊት ተመዝግቦ እናገኘዋለን። ነርሶቹን ስጠይቅ «ተረኛው ሐኪም ሳያውቅ ብጠራ ይቆጣኛል» ይሉኛል። ሥልጠና ሰጥተናል፣ ለውጥ የለም።

የአይሲዩ ሐኪም
ሲስተር፣ ችግሩ የእናንተ ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ 23 ሆስፒታሎች ተሳትፈውበት በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት ቡድን ማቋቋም ብቻውን ግልጽ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። ቡድኑን ለመጥራት የወጣውን መስፈርት ያሟሉ ብዙ ታካሚዎች ሳይጠራላቸው ቀርቶ ነበር።

ስለዚህ ፈቃድ መጠየቅ ይቅርና ቁጥሩ ይወስን። በብሪታኒያ የሚሠራበት ኒውስ ሁለት የተባለ የማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ ለትንፋሽ፣ ለኦክስጅን መጠን፣ ለደም ግፊት፣ ለፐልስ፣ ለሙቀትና ለንቃት ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 5 ሲሆን ሐኪም በአስቸኳይ ያያል። 7 ሲደርስ ቡድኑ ይጠራል። በቃ።

ደግሞ አደራ፣ ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። የዋርዱ ታካሚ ሁሉ 20 እየተባለ ሲጻፍ በጣም ያሳዝነኛል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው እሱ ነው፤ 25 ሲደርስ ብቻውን 3 ነጥብ ያስይዛል።

የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነርስ
እኔ ቁጥሩ ብቻ ይበቃል አልልም። ቡድኑ መጥቶ «ለዚህ ነው የጠራሽን?» ካለ ያቺ ልጅ ሁለተኛ አትደውልም። እኛ ጋ የቡድኑ መሪ መጀመሪያ «እንኳን ጠራሽን» እንዲል ተስማማን። ነጥቡ ዝቅተኛ ቢሆንም እንኳ «ታካሚው አላማረኝም» በቂ ምክንያት ነው ተብሎ መመሪያው ላይ ሰፈረ። ጥሪው የጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የታካሚ ልጅ
ሐኪም አይደለሁም። ለቤተሰብም በሩን ክፈቱ። እናቴ ሆስፒታል ተኝታ «ዛሬ እንደ ወትሮዋ አይደለችም» ብዬ ስናገር ሰሚ አጣሁ። እንግሊዝ ውስጥ ማርታ ሚልስ የተባለች የ13 ዓመት ልጅ በ2021 እ.ኤ.አ. በሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲጎዳ) ሞተች። ወላጆቿ ስጋታቸውን ቢናገሩም አልተሰሙም። ከ2024 ጀምሮ በስሟ በተጠራው አሠራር ቤተሰብ ራሱ ሌላ የሕክምና ቡድን እንዲያይለት መጠየቅ ይችላል።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ተረኛውን ሐኪምስ እንዴት ላድርገው? ተዘለልኩ ብሎ እንዳይከፋው።

የአይሲዩ ሐኪም
አይዘለልም። ነርሷ ለቡድኑ ስትደውል ሌላ ሰው ለእሱ ይደውል፣ ሁለቱም ታካሚው አልጋ ጋ ይገናኙ። ይህን ግን አንቺ ሳትሆኚ ሜዲካል ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ያውጣው። የሚቆጣ ሐኪም ካለም የሚያነጋግረው እሱ ይሁን።