ጥቆማ፦ የማሽን ስዕል በኮምፒውተር (ካድ) ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የት ይሻላል? በየትኛው ሶፍትዌር ይጀመር?

የቱሉ ዲምቱ እህት
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ ወንድሜ እዚህ ቱሉ ዲምቱ አንድ የብረታ ብረት ቤት ውስጥ ይሰራል፤ የበቆሎ መፈልፈያና የመኖ መቁረጫ ነው የሚሰሩት። እስካሁን ልኩን ላሜራው ላይ በጠመኔ እየሳሉ ነው የሚቆርጡት። አሁን ግን ደንበኛው ሁሉ «መጀመሪያ ስዕሉን ላኩልኝ» ይላል፣ ሌዘር ቆራጮቹም ያለ ፋይል አያናግሩም። ካድ ላስተምረው ብዬ ሦስት ቦታ አጠያየቅኩ። አንዱ ቃሊቲ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ፣ አውቶካድ ብቻ። ሁለተኛው ሜክሲኮ አካባቢ ሶሊድወርክስ ያስተምራል፤ የሚያልቀው ግን ማታ 2 ሰዓት ነው፣ በዚያ ሰዓት ወደዚህ ታክሲ ማግኘት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሦስተኛው፣ ከቂሊንጦው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አንድ የሜካኒካል ተማሪ ቤት ድረስ እየመጣ ሊያስተምረው ተስማምቷል። ላፕቶፑ ኮር አይ 3፣ 8 ጂቢ ራም ነው። የቱ ይሻለዋል?

ገላን ኮንዶሚኒየም
አርኪካድ ይማር። ለቤት ፕላን እሱን የሚያክል የለም። የአጎቴ ልጅ በሦስት ወር ተምሮ ዛሬ ጂ+2 ይሰራል።

የቱሉ ዲምቱ እህት
አመሰግናለሁ፤ ግን የቤት ፕላን አይደለም፣ የማሽን ነው።

ባለ ቶርኖ፣ አቃቂ
እህቴ፣ ቦታ ከመምረጥሽ በፊት የደረሰብኝን ስሚኝ። ባለፈው ዓመት ለሰባት መፈልፈያ የሚሆን የኩሽኔታ መቀመጫ፣ ከባለ 8 ሚሊ ላሜራ ከነትርፉ 16 ሳህን በሌዘር አስቆረጥን። መጀመሪያ ያሰብነው ባለ 20 ሚሊ ሻፍት ነበር፣ ኩሽኔታውም ዩሲፒ 204 የሚባለው ልክ። የሱ የቡሎን ቀዳዳ መሃል ለመሃል 95 ሚሊ ነው። ኋላ ሻፍቱ ይጠንክር ብለን ወደ 25 ከፍ አደረግነው፣ ኩሽኔታውም 205 ሆነ። የ205 ደግሞ 105 ሚሊ ነው። ስዕሉን የሚሰራልንን ልጅ «አርመው» አልኩት። ከማሰልጠኛ ገና መውጣቱ ነበር። አርሞ አመጣልኝ፤ ወረቀቱ ላይ 105 ይላል፣ በአይኔ አይቼ ፈረምኩበት።

ሳህኖቹ መጡ። ኩሽኔታውን አስቀመጥኩት፤ አንዱ ቡሎን ገባ፣ ሁለተኛው ላሜራው ላይ ቆመ። በካሊፐር ስለካው 95። ልጁ ለካስ መስመሩን ሳይነካ ቁጥሩን ብቻ ሰርዞ 105 ብሎ ጽፎበታል። ሌዘሩ የሚሄደው በመስመሩ ነው፣ ጽሑፉን አያውቀውም። ሁለት ቀን ሙሉ ከ16ቱ 14ቱን በትራፓኖና በሞረድ ቀዳዳውን ስናስረዝም ዋልን። ማሽኖቹ ወጡ፣ ግን ኩሽኔታው በተረዘመው ቀዳዳ ውስጥ ስለሚንቀሳቀስ ቺንጋው በየጊዜው እየላላ ደንበኛ ይደውልልኛል። ልጁ ሰርተፊኬት ነበረው። ማሰልጠኛው ያላስተማረው ይሄን አንዷን ነገር ነው።

ቃሊቲ ሰፈሬ
የቆረጠላችሁ የትኛው ቤት ነው? ቃሊቲ መናኸሪያ ጋ ያለውን ከሆነ የምትለው፣ እኔ አራት ዓመት እዚያ አስቆርጣለሁ፣ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

ባለ ቶርኖ፣ አቃቂ
ስም አልጠራሁም ወንድሜ። ቆራጩ የተላከለትን ነው የቆረጠው።

ቃሊቲ ሰፈሬ
ጥሩ ቆራጭ ግን ይደውላል። «ወረቀቱ 105 ይላል፣ ፋይሉ 95 ነው፣ የቱን ልቁረጥ?» ብሎ ይጠይቃል። የኔዎቹ ይደውላሉ።

የሌዘር ኦፕሬተር
ሌዘሩ ሃሳብ የሚያነብ መሰላችሁ እንዴ? ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም ፋይል ይጎርፍልኛል። ግማሹ ወረቀት በስልክ ካሜራ ተነስቶ የተላከ ፎቶ ነው። ሌላው ሚሊ ይሁን ኢንች ሳይታወቅ የተላከ ዲኤክስኤፍ (የካድ ስዕል ፋይል) ነው፤ 100 ሚሊ የነበረው 2540 ሆኖ ይከፈትልኛል። ለሁሉም ልደውል?

ቃሊቲ ሰፈሬ
ደንበኛ የሚያከብር ይደውላል።

የሌዘር ኦፕሬተር
እሺ፣ ተቆጣሁ፤ ጠያቂዋን አልነበረም ግን። እህቴ፣ ወንድምሽ የትም ይማር፣ እነዚህን ካወቀ እኛም እሱም እናርፋለን። ስዕሉ አንድ ለአንድ ይሁን፣ በሚሊሜትር። የሚቆረጠው መስመር ለብቻው በአንድ ሌየር (የስዕሉ ንብርብር) ይቀመጥ፤ ቁጥሩ፣ ቀስቱና የመሃል መስመሩ ወደኛ በሚመጣው ፋይል ውስጥ አይኑር። መስመሩ ጫፍና ጫፉ ተገጣጥሞ መዘጋቱን ያረጋግጥ። አንዱ መስመር በሌላው ላይ ከተደረበ ሌዘሩ ሁለት ጊዜ ይሄድበታል፣ ጠርዙም ይቃጠላል። ጥርስ የሚወጣለት ቀዳዳ ካለ ደግሞ የቡሎኑን ልክ እንዳይስል፤ ለኤም 10፣ ማለትም ለባለ 10 ሚሊ ቡሎን፣ ቀዳዳው 8.5 ሚሊ ነው። ከመላኩ በፊት አውቶካዱ ላይ መለኪያዋን ተጭኖ መሃል ለመሃል ራሱ ይለካ። የተጻፈውን ቁጥር አይመን። የባለ ቶርኖው ችግር በአስር ሰከንድ ይታይ ነበር።

ሰበታ፣ የካድ መምህር
ጥያቄዋ ግን ተረሳ። ሦስቱን ከማወዳደሯ በፊት አንድ ልዩነት ላስረዳ። አውቶካድ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የወረቀቱን ስዕል ጠረጴዛ ነው ወደ ግል ኮምፒውተር ያመጣው። መስመር ትስላለህ፣ መስመር ይቀመጣል፤ ባለ ሁለት አቅጣጫ ስዕል ላይ ዛሬም ብዙ ሰው የሚሰራበት እንደዚያው ነው። ሶሊድወርክስና ፍሪካድ ግን የሚሰሩት በገደብ ነው፦ «ይሄ ቀዳዳ ከዚያኛው 105 ሚሊ ይራቅ» ትለዋለህ፣ ቁጥሩን ስትቀይር ቅርጹ ራሱ ይከተላል። ሃሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ ኤምአይቲ ላይ ስኬችፓድን ሲያሳይ፣ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር ስሎ «እነዚህ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ» ሲለው ማሽኑ ያስተካክልለት ነበር። የባለ ቶርኖው ልጅ በዚህ መንገድ ሰርቶ ቢሆን 105 ብሎ በጻፈበት ቅጽበት ቀዳዳዎቹ አብረው ይራራቁ ነበር። ቁጥሩ ቅርጹን የሚያዝበትን መንገድ የለመደ ልጅ ቁጥር ደልዞ ማለፍ አይመጣለትም። ስለዚህ የእኔ ምርጫ ከዚያ በኩል ይጀምር ነው።

ላፕቶፑን በሚመለከት፣ ሶሊድወርክስ ከ16 ጂቢ ራም ጀምሮ ነው የሚጠይቀው። በ8 ጂቢ ይከፈታል ብለው የሚጭኑልሽ አሉ፣ ነገር ግን ሃያ ክፍል ያለው ማሽን ሲገጣጥም ያነቀዋል። ፍሪካድ በ8 ጂቢ ይሰራል፣ ነፃ ነው፣ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ደግሞ 1.0 የተባለው ወጥቷል። አሰሳሉ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ ይሄን አልደብቅም።

ሌላው ላሜራ ማጠፍ ነው፤ ወንድምሽ በየቀኑ የሚገጥመው ይሄ ነው። ባለ 3 ሚሊ ላሜራ ውጭ ለውጭ 50 በ50 ሆኖ በ90 ዲግሪ ይታጠፍ ቢባል፣ 100 ሚሊ ቆርጦ ቢያጥፈው ይረዝምበታል። የማጠፊያው የውስጥ ክብ ሬዲየሱ 3 ሚሊ ከሆነ ዝርጉ፣ ማለትም ሳይታጠፍ የሚቆረጠው ርዝመት፣ ወደ 95 ሚሊ ነው የሚሆነው። ሶሊድወርክስ ይሄን ራሱ ያሰላዋል፤ ፍሪካድ ላይ የላሜራ ተጨማሪ አለ፣ ይጫናል። በአውቶካድ ብቻ የተማረ ግን ራሱ በእጁ እያሰላ መሳል አለበት። የሚያስተምረውን ሰው «ላሜራ መዘርጋት ታስተምራለህ ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። የቂሊንጦው ልጅ «አዎ» ካለ እሱን ያዢ።

ቃሊቲ ሰፈሬ
የቃሊቲው ትምህርት ቤት ግን ቅርብ ነው፤ ወንድሟ ሳይደክም ሄዶ ይመለሳል። እህቴም እዚያ ነው የተማረችው፣ አሁን ስራ ላይ ናት። ቅርብ መሆን ትንሽ ነገር አይደለም።

ፉሪ
ስለ መብራት ማንም አላነሳም። እዚህ መብራት ቀን ሁለት ሦስቴ ይሄዳል፣ የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ የሰዓታት ስራ ይበላል። አውቶካድ ካልተቀየረ በየ10 ደቂቃው በራሱ ያስቀምጣል፤ ያንን ወደ 3 ይቀንሰው። እኔ አንዴ ሙሉ የማርሽ ሳጥን ስዕል ጠፍቶብኝ አልቅሻለሁ።

ገላን ኮንዶሚኒየም
ባትሪ ከመርካቶ ይግዛ፣ መገናኛ ያሉት ዋጋ ያንራሉ።

ፉሪ
መርካቶ የገዛሁት ባትሪ ወር ሳይሞላው አበጠ። መገናኛ ቢወደድም ዋስትና ይሰጡሃል።

ገላን ኮንዶሚኒየም
እኔ ሁለት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ።

ሰበታ፣ የካድ መምህር
አንድ የረሳሁት፦ ሶፍትዌሩን ከሰው ፍላሽ ፈቃዱን ሰብረው የሚጭኑትን ተጠንቀቂ። የወርክሾፑ ሂሳብ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ከሆነ ቫይረሱ እሱንም ይወስዳል።

የቱሉ ዲምቱ እህት
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ ትናንት ማታ ይሄን ሁሉ ካነበበ በኋላ የመፈልፈያውን ሽፋን አውርዶ ዙሪያውን በካሊፐር ሲለካ አመሸ። «እስከዛሬ በጠመኔ ያጠፍነው ለምን እንደሚረዝም አሁን ገባኝ» አለኝ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በልኩ የሚያጥፍ ቤት ገላን ወይ ዱከም መንገድ ላይ የሚያውቅ አለ?

ቃሊቲ ሰፈሬ
ቃሊቲ አለ።

የሌዘር ኦፕሬተር
ከመሄድሽ በፊት የማጠፊያቸውን ክብ ጠይቂ። ለ3 ሚሊ የተሰራ ሻጋታ ለ2 ሚሊ ሌላ ልክ ይሰጣል፣ የወንድምሽም ስሌት አብሮ ይቀየራል። የት ሊማር ወሰናችሁ ግን?

ባለ ቶርኖ፣ አቃቂ
እህቴ፣ ከ16ቱ ሳህኖች ሁለቱ ሳይነኩ ቀርተው እኔ ጋ አሉ፣ ስዕሉም አለኝ። ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ካሊፐሩን ይዞ አቃቂ ይምጣ። ወረቀቱንና ብረቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየዋለሁ፤ አልጠይቀውም ሳንቲም።